መልስ፦ ባሪ ማርሻል ባክቴሪያውን በእርግጥ ጠጥቶታል?

አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ባክቴሪያ ጠጥቶ ጨጓራው ቆሰለ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀህ ነበር። አዎ ወንድሜ፣ ጠጥቶታል። «ጨጓራው ቆሰለ» ያልከው ግን ትንሽ ይታረም። በ1984 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ ማርሻል መጀመሪያ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ታይቶ ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያሳምም ለማሳየት፣ ከአንድ ታማሚ ተወስዶ የተራባውን በፈሳሽ በጥብጦ ጭልጥ አደረገው። በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስመለስ መጣ፤ የአፉ ጠረንም ተበላሸ። እንደገና ሲታይ ጨጓራው ተቆጥቷል፣ ባክቴሪያውም እዚያው አለ። ቁስለት ደረጃ ግን አልደረሰም።

እኔን ከመጠጣቱ ይልቅ የሚገርመኝ የ1982ቱ ፋሲካ ነው። ባክቴሪያውን ከታማሚዎች ጨጓራ ወስደው ለማራባት ሲሞክሩ፣ ላብራቶሪው በሁለት ቀን ምንም ያላበቀለ ናሙና ይጥል ነበር። በበዓሉ ሰበብ የማራቢያ ሳህኖቹ ሳይነኩ ሰንብተው ሲታዩ ባክቴሪያው በቅሏል። ለካ ቀስ ብሎ የሚያድግ ኖሯል!

የማርሻልን የሥራ ባልደረባ ሮቢን ዋረንንም አትርሳው እንጂ። ጠማማዎቹን ባክቴሪያዎች ከ1979 ጀምሮ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የነበረው ፓቶሎጂስት (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና መርማሪ ሐኪም) እሱ ነው፤ «አሲድ ውስጥ ምን ይኖራል?» እየተባለ የሚሰማው አጥቶ ነበር። በ2005 ኖቤሉን አብረው ወሰዱ።

በርበሬና ቡና ጨጓራ ያቆስላሉ ወይ ብለህ ላነሳኸው፦ ሕመሙን ሊያባብሱ ይችላሉ፤ የአብዛኛው ቁስለት መነሻ ግን ኤች ፓይሎሪ ወይም እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፊን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያው በትንፋሽም በሰገራም ይመረመራል። ከተገኘብህ ሐኪሙ ያዘዘልህን ጨርስ፣ ተሻለኝ ብለህ መሃል ላይ እንዳታቋርጥ።