ፖስተሩን ተዪው፣ ቋንቋውን አንብቢ

"ዱባይ አዲስ ነኝ፣ የምወጣው እሁድ እሁድ ብቻ ነው፣ በ2025 ከወጡት የህንድ ፊልሞች የትኛው ነው ገንዘቤን የማይበላብኝ?" ብለሽ የጠየቅሽው እህት፣ እኔ ልመልስልሽ። ሰዎቹ "ሁሉም አሪፍ ነው" እያሉሽ ነው። እንዳትሰሚያቸው። እኔ እዚህ አገር ስምንት ዓመቴ ነው፤ አራቱን የሠራሁት ህንዶች ቤት ነው። ሂንዲ የተማርኩት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የለመድኩት ቃል "ጃልዲ" ነው፣ ቶሎ በይ ማለት። አንቺም ህንዶች ቤት ከሆንሽ እስካሁን ሳትሰለቺው አትቀሪም።

1ኛ፦ በአክተሩ ስም ብቻ አትግቢ። "ሲካንደር"ን በኢድ ቀን ገባሁት፣ ማርች 30። ሳልማን ካን ነዋ! ልጅ ሆነን ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን ያየነው ሳልማን ነው እስከ ዛሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። ያ ሰውዬ የለም እህቴ። ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ካሜራ ፊት ያቆሙት ነው የሚመስለው። ሚስቱ ትሞትና የሰውነቷ ክፍሎች ለሦስት ሰዎች ይሰጣሉ፤ እሱ ደግሞ እነሱን ሊጠብቅ ሙምባይ ይሄዳል። ታሪኩ ሲወራ ያስለቅሳል፣ ሲታይ ያስተኛል። ሚስት ሆና የምትሠራው ራሽሚካ ማንዳና ከ30 ዓመት በላይ ታንሰዋለች። እሷኑ ከወር ተኩል በፊት "ቻቫ" ላይ የንጉሥ ሚስት ሆና አይቻት ነበር። ልጅቷ እንደኛው ዕረፍት የላትም።

"ቻቫ"ን ካነሳሁ አይቀር፣ ቪኪ ካውሻል በሚገባ ሠርቶታል። የድሮ የህንድ ነገሥታት ናቸው፣ የማራታዎቹ ንጉሥ ሳምባጂና የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ የተዋጉት ጦርነት ነው። ግን መጨረሻው ላይ ማሰቃየቱ አያልቅም። ጥፍር ይነቀላል፣ ዓይን ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ወጥተሽ ይሄን ማየት ምን በወጣሽ! "ሃውስፉል 5" የሚባለው የግድያ ቀልድ ደግሞ ገዳዩ የተለያየ ሆኖ በሁለት ቅጂ ነው የወጣው፣ 5ኤ እና 5ቢ ብለው። ሁለቴ ሊያስከፍሉን! አንዱንም አላየሁም፣ አላይምም።

2ኛ፦ ትኬት ስትቆርጪ ቋንቋውን እዪ። እኔ የተበላሁት እዚህ ላይ ነው።

ኦገስት 14 "ዋር 2" ወጣ። ሪቲክ ሮሻን ያለበት። አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖር የደሴ ልጅ ጠቅልላ አገር ልትገባ ሳምንት ቀርቷታል። ስድስት ዓመት ሠርታ አንድ ቀን ሲኒማ ገብታ አታውቅም። "ሳልጋብዝሽማ አትሄጂም" አልኳት። እሁድ በሜትሮ ሄድን። ስልኬ ላይ የሪቲክ ፊት አለ፣ የሚመቸን ሰዓትም አለ፣ ነካሁትና ከፈልኩ። ሁለት ትኬት 90 ድርሃም። ፈንዲሻና ኮካ 52። ፈንዲሻ እንዴት እንዲህ እንደተወደደ አትጠይቂኝ፤ እናቴ ብትሰማ ፀበል ትወስደኝ ነበር።

መብራቱ ጠፋ። መጀመሪያ ሪቲክ ጃፓን ውስጥ ጎራዴ ይዞ ሲከታከት ነው፣ ብዙም ወሬ የለም። ጥሩ። ከዚያ ማውራት ጀመረ። ከንፈሩ ሌላ ይላል፣ ድምፁ ሌላ ይላል። የራሱ ድምፅም አይደለም! ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞር አለች። "ድምፅ ማጫወቻው ተበላሽቶ ነው፣ አሁን ያስተካክሉታል" አልኳት፣ አዋቂ ነኝና። ቆየት ብሎ ኤንቲአር ጁኒየር ብቅ ሲል አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ከፊታችን ያሉት ልጆች ወንበር ላይ ቆሙ። ያኔ ነው የገባኝ። ኤንቲአር የቴሉጉ ፊልም ሰው ነው፤ ቴሉጉ ደቡብ ህንድ የሚነገር፣ ከሂንዲ ጋር የማይገናኝ ቋንቋ ነው። የቆረጥኩት የቴሉጉውን ነው! ፊልሙ በሂንዲም፣ በቴሉጉም፣ በታሚልም ነው የወጣው፣ ፖስተሩ ግን አንድ ነው። ቋንቋው ከሰዓቱ አጠገብ ጉንዳን በምታክል ፊደል ተጽፏል። ከስር እንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ እኔ ግን አንዱን አንብቤ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል።

ተነስቼ ወጣሁ። ትኬት ቆራጯ ማስቲካዋን እያላመጠች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ፣ "ትኬቱ ላይ ተጽፏል" አለችኝ። የሂንዲው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይጀምራል፣ አዳራሹ ደግሞ ግማሹ ባዶ እንደሆነ ከኋላዋ ያለው ስክሪን ላይ ይታየኛል። ቀይሪልኝ ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ። ኃላፊ ጥሪልኝ አልኳት። ክራቫት ያሰረ ህንዳዊ መጣ። "ፊልም ከተጀመረ አይቀየርም" አለና ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "ለመሆኑ ሂንዲ ታውቂያለሽ?" ብሎ ሳቀ።

"ሙጄ ሂንዲ አቲ ሄ" አልኩት። ሂንዲ እችላለሁ። ከዚያማ አራት ዓመት ወጥ ቤት ውስጥ የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር አወረድኩበት፤ ማዳሜ አትክልት አመላላሹን የምትሰድብበትን ጭምር። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ቆራጯም ማስቲካዋን አቆመች። ገንዘቡ ግን አልመጣም። ስመለስ ጓደኛዬ ፈንዲሻውን ታቅፋ ተኝታለች።

የሚያናድደው ምን መሰለሽ? ኦክቶበር ላይ ኔትፍሊክስ ሲገባ በሂንዲ ደገምኩት። በሂንዲም ያው ነው! መኪና ይበራል፣ አውሮፕላን ይፈነዳል፣ ሁለቱ ተራ በተራ ሸሚዛቸውን ያወልቃሉ። ያጣሁት ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ምን ነበር? አዎ፣ አዲስ ልጆችን አትናቂ። ጁላይ ላይ "ሳያራ" ሲወጣ ሁለቱንም ዋና ተዋንያን አላውቃቸውም ነበር፤ አሃን ፓንዴይና አኒት ፓዳ ይባላሉ። ወጣቶች ሲኒማ ውስጥ ሲንሰቀሰቁ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ቲክቶኬን ሲሞሉት "ሥራ ፈቶች" እያልኩ አሾፍኩ። ዘፋኝ ልጅ ነው፣ ግጥም የምትጽፍለት ልጅ ነች፣ ከዚያ በዚያ ዕድሜዋ የመርሳት በሽታ ይይዛታል። ተጠቅሞ ያለቀ ታሪክ ነው፣ ልጁም ጩኸት ያበዛል። ግን ልጅቷ የሱን ስም ፍለጋ ፊቱን ስታየው... አልቅሻለሁ፣ ምን ይደረግ። ሶፍት ያዢ። ኔትፍሊክስ ላይ አለ፣ ሲኒማ ፍለጋ አትድከሚ።

የአሚር ካን "ሲታሬ ዛሚን ፓር" ደግሞ የዓመቱ ምርጤ ነው። ጠጥቶ ሲነዳ የፖሊስ መኪና የገጨ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ፣ ፍርድ ቤት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያላቸውን ተጫዋቾች አሠልጥን ብሎ ይፈርድበታል። ከስፔን ፊልም የተወሰደ ነው፣ ይሁን። እነዚያ አሥር ተጫዋቾች አሚርን ራሱን ያስረሱሻል። ይሄን ሲኒማ ነው ያየሁት፣ የከፈልኩት አልቆጨኝም።

"ሆምባውንድ"ን ግን ብቻሽን ሆነሽ እዪው። እኔ ኔትፍሊክስ ላይ፣ በስልኬ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ሁለት የመንደር ጓደኛሞች፣ አንዱ ሙስሊም አንዱ ዳሊት (ህንድ ውስጥ ዝቅ ተደርጎ ከሚታየው ዘር)፣ ፖሊስ ለመሆን ይፈተናሉ፤ ሰው እንዲያከብራቸው። ኑሮ ሲገፋቸው ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ይሰደዳሉ፤ ከዚያ የ2020ው ኮሮና መጥቶ ሁሉም ነገር ይዘጋል፣ ወደ ቤታቸው መንገድ ይጀምራሉ። መጨረሻውን አልነግርሽም። እኔ ያን ጊዜ ሻርጃ ነበርኩ፣ ሦስት ወር ያለ ደሞዝ። ቤይሩት ላይ አሠሪዎቻቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው የሄዱት ልጆቻችንም ትዝ አሉኝ፤ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው። ፊልሙን አቁሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። "ምን ሆነሻል?" አለችኝ። "ፊልም እያየሁ ነው" አልኳት። "አንቺና የህንድ ፊልም!" ብላ ዘጋችው።

ያ ሰው ሁሉ የሚያወራለት "ዱራንዳር" እዚህ ሲኒማ አልገባም፣ ገልፍ ውስጥ የትም አልታየም። "ትኬት አለኝ" የሚልሽ ካለ ሌባ ነው።

አንቺ እሁድ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው? ዴይራ አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ ጻፊልኝና አብረን እንግባ። ትኬቱን ግን አንቺ ነሽ የምትቆርጪው።