ጸደይ ሲቃረብ የሚጥል ከባድ በረዶ

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ ከተማ ነው። ማርች ከገባ ወዲህ ፀሐዩ ሞቅ ስላለ፣ ብርዱ አለቀ ብዬ የሐበሻ ጎመንና የቃሪያ ችግኝ ጓሮዬ ውስጥ ተከልኩ። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን በዲሴምበር ካየሁት የበለጠ በረዶ ጣለ። ጸደይ ሊገባ ሲል እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ችግኞቼስ ይተርፉ ይሆን?

መልስ፦ በረዶው የበዛው ሙቀቱ እየመጣ በመሆኑ ጭምር ነው። በጣም የቀዘቀዘ አየር ብዙ እርጥበት መያዝ ስለማይችል፣ በጃንዋሪ የሚጥለው በረዶ አብዛኛውን ጊዜ ቀላልና ብናኝ ነው። በማርች ግን ከሮኪ ተራሮች ግርጌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሲፈጠር፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ይስባል፤ ይህም አየር ከምሥራቅ ወደ ተራሮቹ ሲገፋ ሽቅብ ለመውጣት ይገደዳል፣ በወጣ ቁጥርም ይቀዘቅዛል፣ ገና ለቅቆ ያልሄደው የሰሜን ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ የያዘውን እርጥበት በዴንቨርና በአካባቢዋ ላይ ያራግፈዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2003 ዴንቨር ላይ 31.8 ኢንች፣ በማርች 2021 ደግሞ 27.1 ኢንች በረዶ ተመዝግቧል። ስለዚህ «ዘንድሮ አየሩ ተበላሸ» የሚሉዎትን አይስሟቸው፤ የአገሩ ጠባይ ነው።

ጎመንዎ የመትረፍ ዕድል አለው፤ ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፣ በላዩ የተከመረው በረዶም እንደ ጋቢ ሸፍኖ ከሌሊቱ ብርድ ይከላከልለታል። ስለዚህ በአካፋ አይግለጡት። ቃሪያው ግን ውርጭ ስለማይችል እንደገና መትከል ሳያስፈልግዎ አይቀርም፤ የዴንቨር አትክልተኞች ቃሪያና ቲማቲም ወደ ደጅ የሚያወጡት በሜይ የእናቶች ቀን ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ችግኙን በቆርቆሮም ሆነ በሸክላ አድርገው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ያሳድጉት።

ከችግኙ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የበረዶው ክብደት ነው። የማርች በረዶ ውኃ ያዘለ በመሆኑ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበጥሳል፤ በአካፋ ሲጠርጉትም ልብን ክፉኛ ያደክማል፤ በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሥራውን ለጎረምሳ ቢተው ይሻላል። የጎበጠ ቅርንጫፍ ካለ፣ በላዩ የሚያልፍ ሽቦ አለመኖሩን አይተው በመጥረጊያ ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርገው ያራግፉለት። ቀን የቀለጠውም ማታ ተመልሶ ስለሚረጋ፣ ደረጃውንና የእግረኛ መንገዱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠርገው ጨው ይበትኑበት።