ነርስነቱ ነው ወይስ ዋርዱ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ደሴ ውስጥ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። ትምህርቱን ወድጄው ነው የተማርኩት። አሁን ግን የሌሊት ተረኛ በሆንኩ ቁጥር እግሬ አልሄድ ይለኛል። ያለሁት ሜዲካል ዋርድ፣ የውስጥ ደዌ ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍል ነው። ለሁለት ሆነን ያን ሁሉ ሕመምተኛ እንይዛለን። መድኃኒት ሰጥቼ፣ ግሉኮስ ቀይሬ፣ ቻርት ሞልቼ ሳልጨርስ ይነጋል። አጠገቡ ቆሜ አንዱን «አይዞህ» ለማለት እንኳ ጊዜ የለኝም። መድኃኒት ሲጠፋ የአስታማሚው ቁጣ እኔ ላይ ነው። የዲዩቲ፣ ማለትም የተረኛነት ክፍያውም በጊዜው አይገባም።

ታላቅ እህቴ ኮምቦልቻ የልብስ ሱቅ አላት። «ተይው፣ አብረን እንሥራ» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ ስሜን ትቶ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ሰልችቶኝ ነው ወይስ ደክሞኝ? ለአባቴስ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ተረኛዋ፣ ከደሴ

እህቴ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ያማረርሽው መርፌውን ወይ ሕመምተኛውን አይደለም። «አይዞህ» የምትዪበት ጊዜ ማጣትሽን ነው። ሙያው የሰለቸው ሰው በዚህ አያዝንም። እንደኔ ያንገሸገሸሽ የምትሠሪበት ሁኔታ ነው። ሁለት ሰው ዋርድ ሙሉ ሕመምተኛ ይዞ ሲያድር መድከሙ አይቀርም፤ ስንፍና አድርገሽ አትቁጠሪው።

ስለዚህ ከሌሊት ተረኛ ማግስት፣ ሆድ ብሶሽ መልቀቂያ አትጻፊ። መጀመሪያ የዓመት ፈቃድሽን ውጪና እንቅልፍሽን ጥገቢ። ከዚያ የነርሶች ኃላፊዋን፣ ማትሮኗን፣ ዝውውር ጠይቂ፣ በጽሑፍ። ተመላላሽ ሕክምና ወይም ክትባት ክፍል ከሜዲካል ዋርድ ጋር አንድ አይደለም።

ከሆስፒታል ውጪም ሥራ አለ። እህትሽ ያለችበት ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ማሽን እጁን የያዘው፣ ብናኝ ደረቱን የዘጋው ሠራተኛ ነርስ ይፈልጋል። ክሊኒክ ያላቸውን ሄደሽ ጠይቂ። ታዲያ የሌሊት ፈረቃ እንዳለው አስቀድመሽ አጣሪ፤ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው ሌሊት እንዳትገቢ። መማር ካማረሽ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደጅሽ ነው። በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ የያዘ ነርስ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ፕሮጀክት ላይ ሊሠራ ይችላል።

ሱቁን አልንቅም። ንግድ የተከበረ እንጀራ ነው። ግን ሱቅም ዱቤ አለው፣ ኪራይ አለው፣ ገበያ የሚጠፋበት ወር አለው። ኦፍ በሆንሽባቸው ቀናት ኮምቦልቻ ውረጂና ከእህትሽ ጋር ቁሚ። ጨርቅ መዘርጋቱን ብቻ አትዪ፤ ማታ ሒሳቡን አብረሻት ዝጊ። ከወደድሽው ግቢበት፣ ማንንም አትፈሪ።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ ስትለቂ የአንድ ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ መስጠት አለብሽ። መሥሪያ ቤቱ አስተምሮሽ የፈረምሽው የግዴታ ውል ካለም አንብቢው። የትም ብትሄጂ የሙያ ፈቃድሽ አይቃጠል። ለእድሳቱ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል፤ ሱቅ ውስጥ ሆነሽም ቢሆን ውሰጂው።

አባትሽን በተመለከተ፣ እሱ የሚያውቀው ነጩን ጋውን ነው፤ ሌሊቱን አያውቅም። ቡና ተፈልቶ ቁጭ ባላችሁበት አንዱን ሌሊት ከምሽት እስከ ንጋት ተርኪለት። ይህንም መልቀቂያ ካስገባሽ በኋላ ሳይሆን ገና እያሰብሽ ሳለ አድርጊው። ያኔ አብሮሽ ይመክራል እንጂ አይቀየምሽም።