ሪፖርት ደብተሩ ላይ ያልተጻፈችው

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ እኔ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ አንዳችሁ በወረቀት ሌላችሁ በታብሌት ስትሥሉ፣ ጀበናውን ይዤ ክርክራችሁን ስሰማ ነበር። «ከሴት ሱፐርሂሮዎች ማን ትበልጣለች?» ብላችሁ አቦል ላይ የጀመራችሁትን በረካ ላይም አልጨረሳችሁትም። በዚያ ሁሉ ጊዜ የቆጠርኩት ሦስት ስም ነው፤ ሦስተኛውም የመጀመሪያው ተደግሞ ነው። ጣልቃ ልገባ ስል የልጅ ልጄ «እምዬ ደግሞ ኮሚክ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለችኝና ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬ መብራት የለም፣ እጄም ሥራ ፈትቷል፤ እስክሪብቶ አነሣሁ።

አውቃለሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ጎንደር ያስተማረን አንድ የፒስ ኮር (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች) መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ካርቶን ሙሉ የኮሚክ፣ በሥዕል የሚነገር ታሪክ መጽሔት ትቶልን ሄደ። ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ጫፋቸውን አይጥ የቀመሰው። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከሰዋስው መጽሐፉ ይልቅ ከገጸ ባሕርያቱ አፍ በሚወጡት ነጫጭ ፊኛዎች ነው ብል አልዋሸሁም።

በዚያ ካርቶን ውስጥ ጠላት ሲመጣ የምትሰወር ሴት ነበረች፤ ፋንታስቲክ ፎር የሚባለው የአራት ጀግኖች ቡድን አባል ሱ ስቶርም። በ1961 ስትፈጠር (የእነሱን ነገር በእነሱ አቆጣጠር፣ የራሴን በእኛው ነው የምነግራችሁ) ያላት ኃይል አለመታየት ብቻ ነበር። አንዱ ወንድ እንደ እሳት ይነድዳል፣ አንዱ ይለጠጣል፣ አንዱ ድንጋይ ይሆናል፤ እሷ ትጠፋለች። ከሦስት ዓመት በኋላ የማይታይ ጋሻ የመሥራት ኃይል ጨመሩላት፣ ያኔ የቡድኑ ምሰሶ ሆነች። ስሟ ግን «የማይታየዋ ልጅ» መሆኑ ቀርቶ «የማይታየዋ ሴት» የተባለችው በ1985 ነው። አግብታ ወልዳም «ልጅ»!

እኔን ልቤን የምትነካኝ ግን ሌላ ናት። በ1972 ማርቭል የሚባለው አሳታሚ ሴት አንባቢዎችን ለመሳብ ሦስት አዳዲስ መጽሔቶች ጀመረ፤ ሦስቱንም እንዲጽፉ የተደረጉት ሴቶች ነበሩ። «ድመት» የምትባለዋን ጀግና ሊንዳ ፋይት፣ የጫካዋን ሻናን ካሮል ሱሊንግ፣ ሦስተኛዋን ደግሞ ጂን ቶማስ ጻፈቻቸው። ሦስተኛዋ ናይት ነርስ ናት፤ የአዳር ነርስ በሉልኝ። ሊንዳ ካርተር የምትባል ነርስ ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ኒው ዮርክ በሚገኝ ሆስፒታል አዳር ትገባለች። ካባ የላትም፣ አትበርም፣ ግድግዳም አትወጣም። ኃይሏ አለመተኛቷ ነው። አራት ቁጥር ወጣና ቀረ። «ድመት»ም አራት፣ ሻና አምስት፤ ሦስቱም አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ቆሙ።

ያቺ የአዳር ነርስ መጽሔት አሜሪካ ሱቅ ላይ ስትሰቀል እኔ 1965 ዓ.ም. ላይ ነጭ ካፕ ደፍቼ የመጀመሪያ አዳሬን እገባ ነበር። እሷ በአራተኛው ቁጥር ስትቆም እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀጠልኩ።

ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ አዲስ ጸሐፊዎች አስታወሷት፤ ያን ጊዜ የሰጧት ሥራ ከመጀመሪያው ይልቅ ይማርካል። በውጊያ የቆሰሉ ጀግኖች ሆስፒታል ቢሄዱ ማንነታቸው ይገለጣል፤ ስለዚህ በሌሊት የእሷን በር ያንኳኳሉ። ጭምብላቸውን ሳታስወልቅ ትሰፋቸዋለች። ሕንፃ የሚደረምስ ወንድ ሁሉ በመጨረሻ መርፌና ክር የያዘች ሴት ፊት ይቀመጣል። በእኛም ዘመን ስሙን ሳንጠይቅ የምናክመው ቁስለኛ በሌሊት የመጣበት ጊዜ ነበር። ያንን ሌላ ቀን፣ በቃል ነው የምነግራችሁ።

እስቲ ባርባራ ጎርደንን ውሰዱ። ባትገርል ሆና በ1967 ስትመጣ የቀን ሥራዋ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ1988 በወጣ አንድ ታሪክ የባትማን ጠላት ጆከር ተኩሶ አከርካሪዋን መታት። ታሪኩ ስለ እሷ አልነበረም፤ አባቷ እንዲያብድና ባትማን እንዲቆጣ የተተኮሰች ጥይት ናት። ሴት ብትጎዳ የወንዱ ሐዘን ማሳያ፣ ይኼ የቆየ በሽታቸው ነው። ኪም ዬል የምትባል ጸሐፊ ግን ከባሏ ከጆን ኦስትራንደር ጋር ሆና «ይህች ሴት እንዲህ አትቀርም» አለችና በዓመቱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ መለሰቻት። ስሟ ኦራክል ሆነ። በኮምፒውተሯ መረጃ እየሰበሰበች ለሌሎቹ ጀግኖች ሁሉ ዓይንና ጆሮ ሆነችላቸው። በ2011 አሳታሚው እንደገና አስነሥቶ ሲያስሮጣት ብዙ አካል ጉዳተኛ አንባቢዎች አዘኑ። «ዳነች፣ ምን ያሳዝናል?» ትሉ ይሆናል። እኔ ከአንባቢዎቹ ጋር ነኝ። እግሩን ያጣ ሰው ከሥራው እንዳይወጣ ስንት ዓመት ስታገል ኖሬ፣ ቆሞ ካልሄደ ጀግና አይሆንም የሚለውን ጨዋታ አልወደውም።

አሁን ወደ ሞኒካ ራምቦ ልምጣ፤ ቅዳሜ ዕለት ጀበናውን ላስቀምጥ የነበረው ለእሷ ነው። በ1982 ሮጀር ስተርንና ጆን ሮሚታ ጁኒየር ፈጠሯት። የኒው ኦርሊንስ ወደብ ጠባቂ መኮንን የሆነች ጥቁር ሴት ናት። ገላዋን ወደ ብርሃን፣ ወደ ሬዲዮ ሞገድ፣ ወደ ኤክስሬይ ትለውጣለች። (እኛ ለአንዲት የኤክስሬይ ማሽን ስንት ደብዳቤ እንደጻፍን ባወራችሁ!) ካፒቴን ማርቭል ተባለች፤ አቬንጀርስ የሚባለው የጀግኖች ቡድን መሪም ሆነች። ከዚያ የቀድሞው ካፒቴን ማርቭል ልጅ መጣና ስሙን ወሰደው። እሷ ፎቶን ተባለች፤ ቆይቶ ያንንም ወሰደባት። ፑልሳር አለች፣ ኋላ ስፔክትረም። በ2012 ካፒቴን ማርቭል የሚለው ስም ለካሮል ዳንቨርስ ተሰጠ፤ ዛሬ ያን ስም ስትሰሙ የሚታያችሁ የካሮል ፊት ነው። ሞኒካ ፊልም ቤት የደረሰችው በቅርቡ ነው፤ ያውም ብቻዋን ሳይሆን ከሌሎች ጋር። ኃይል አላነሳትም፣ ጀግንነትም አልጎደላትም፤ ያጣችው የሚጠራትን ስም ነው።

ቪክሰን ደግሞ ገና ሳትወለድ ተቀበረች ማለት ይቻላል። በ1978 ዲሲ በሚባለው አሳታሚ ዘንድ የራሷ መጽሔት ያላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ጀግና ልትሆን ተሥላ ካለቀች በኋላ፣ አሳታሚው ብዙ መጽሔቶችን በአንድ ጊዜ ሲያጥፍ እሷም አብራ ታጠፈች። የቀሩት ሥራዎች ለባለቤትነት መብት ሲባል ብቻ 35 ያህል ቅጂ በፎቶ ኮፒ ተባዙ። ሠላሳ አምስት! የአንድ ማኅበር ጥሪ እንኳ ከዚያ ይበዛል።

ከሥዕሉ ጀርባ ያሉትን ሴቶች ብጠይቃችሁማ ዝም እንደምትሉ አውቃለሁ። ዎንደር ውማን በ1941 መጨረሻ ከመውጣቷ ወራት በፊት፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን በእነሱ አቆጣጠር፣ ጥቁር የነብር ቆዳ ለብሳ የምትዋጋ ሚስ ፉሪ በጋዜጣ ላይ ወጥታ ነበር። የሣለቻትና የጻፈቻት ሴት ናት፤ ጁን ታርፔ ሚልስ። ሴትነቷ እንዳይታወቅ «ጁን»ን ትታ «ታርፔ ሚልስ» ብቻ ብላ ትፈርም ነበር። የዎንደር ውማንን ነገር ካነሣችሁ ደግሞ፣ ከ1944 ጀምሮ ጆይ ሃመል የምትባል ወጣት ከሰባ በላይ ታሪኮች ጻፈችላት። የሚታተመው ግን ቻርልስ ሞልተን በሚለው የብዕር ስም ነበር። በይፋ የተሸለመችው በ2018፣ በ94 ዓመቷ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ሲጻፍ ነው እንጂ።

እንግዲህ የሌሎችን ስም የበሉትን ስወቅስ ቆየሁ፤ የራሴን ልንገራችሁ።

በ1973 ዓ.ም. ክረምት ነው፣ አዳር ነበርኩ። የት እንደሆነ ይቅር። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስምንት እናቶች ተኝተዋል፤ ነርስ እኔ ብቻ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ ሸለብ አድርጎኛል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ስትወለውል ከአንድ አልጋ ሥር ጠብ ጠብ የሚል አየች፤ ፋኖሱን ብታስጠጋ ደም ነው። ጮኻ ቀሰቀሰችኝ። ስደርስ አራስዋ ፊቷ እንደ ጥጥ ነጥቷል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ዝም ብላ አልጠበቀችኝም። ማታ ማታ እኔ ሳደርግ እያየች የለመደችውን፣ በአራስዋ ሆድ ላይ እጇን አሳርፋ ላልቶ የነበረውን ማሕፀን እያሸች ነበር። እኔ ኤርጎሜትሪን ወጋሁ፣ ግሉኮስ ሰቀልኩ፣ ሕፃኑን ጡት አስያዝነው። ደሙ ቆመ። ሲነጋ እናትዮዋ አጥሚት ጠጣች።

ሪፖርት ደብተሩ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ አሁንም በቃሌ ነው፦ «ተረኛዋ ነርስ ባደረገችው የቅርብ ክትትል የደም መፍሰሱ በጊዜ ተደርሶበታል።» ውሸት ነው ወይ? ግማሹ አይደለም። ተኝቼ ነበር ብዬ መጻፍ ፈርቼ ነው። ግን «የጽዳት ሠራተኛዋ አይታ ጠራችኝ» ብዬ መጻፍ ምን ይከብዳል? አልጻፍኩም። በዓመቱ መጨረሻ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ። እሷ በማግስቱም መወልወያዋን ይዛ መጣች፤ ስለዚያ ሌሊት ትንፍሽ አላለችም። ደብዳቤው ሣጥን ውስጥ አለ፤ አውጥቼ ባየሁት ቁጥር ሞኒካ ትዝ ትለኛለች።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእነሱ አቆጣጠር በ1730 ልጇ ኢያሱ በሕፃንነቱ ሲነግሥ አብራ ዘውድ የደፋችው፣ አገሩን ይዛ የቆየችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። የንግሥና ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነው፤ ሞኒካን ያነሣሁላችሁ በከንቱ አይደለም። በግንቡ ቅጥር ውስጥ የራሷ ሕንፃ አላት፤ ግቢው ግን የፋሲል ግቢ ነው። ቁስቋም ላይ ብሩስ የሚባለውን ስኮትላንዳዊ ተቀብላ አስተናገደችው፤ ዛሬ አስጎብኚው የእሱን ስም የሚያነሣውን ያህል የእሷን ቢያነሣ ደስ ባለኝ። ጣና ላይ ካለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከደረሳችሁ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችውን ፈልጓት። ቀለም ተበጥብጦ ስሟ ከጎኗ ስለተጻፈ ነው እኮ ዛሬ የምናውቃት። ኮሚክ የእኛ አይደለም የሚላችሁንም አትስሙ፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከነመግለጫው ሲሥሉ የኖሩ ሠዓሊዎች ያሉባት አገር ናት።

የተረሳች ሁሉ ግን ግፍ ደርሶባት አይደለም። ሻናን አየኋት፤ የነብር ቆዳ ጡት ማስያዣ ለብሳ ጫካ ለጫካ ትሮጣለች፤ እሷን ስላላስታወሱ ማንንም አልወቅስም። «ሴት ስለሆነች» ብላችሁ ያልበሰለ ታሪክ አታወድሱ፤ ሞኒካን በእንዲህ ያለ ውዳሴ ታሳንሷታላችሁ።

የምለምናችሁ፣ መጽሔት ስትከፍቱ ወደ ጡጫው ከመሮጣችሁ በፊት በመጀመሪያው ገጽ ጥግ በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ስሞች አንብቡ። የጻፈው ማን ነው፣ የሣለው፣ ቀለም የቀባው፣ ፊደሉን ያስገባው? ብሩክታዊት ጥጋቡ የጀመረቻቸውን፣ ጥበብ ገርልስ የሚባሉትን የካርቱን ጀግኖች ፈልጋችሁ እዩ፤ ሃዊ የምትባለውንም የእኛዋን ጀግና አንብቧት፤ ከዚያ ቅዳሜ መጥታችሁ ብትነቅፏቸውም ደስ ይለኛል። የራሳችሁን ስትሥሉ ደግሞ ሥራ ስጧት። ከየት ነው የምትበላው? ማታ ስንት ሰዓት ትገባለች? አንገረብ ውኃ ስትቀዳ ጀርባዋን አሟት ያውቃል? ካባውን መጨረሻ ላይ ታለብሷታላችሁ። አንተ ደግሞ «ሴት መሣል አልችልም» ያልከው ልጅ፣ እናትህን ሊጥ ስታቦካ ሥላት፤ ክንዷን ልብ ብለህ እየው።

የሚመጣው ቅዳሜ ቡናው እኔ ቤት አይደለም። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ጡረታ ወጥታ አዘዞ ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ትንሽ ደክሟል እንጂ ወሬ አትጠግብም። ሌሊቱን ከእኔ ይልቅ እሷ ታስታውሰዋለችና ከአፏ ስሙት፣ ሣሉትም። ከፒያሳ ባጃጁን አብረን እንይዛለን፤ እርሳስና ወረቀት ያዙ፣ ታብሌቱን ተዉት፣ እዚያ መብራት አይታመንም። ስሟን እዚህ አልጻፍኩላችሁም፤ ሳላስፈቅዳት በስሟ ሁለተኛ ላዝበት አልፈልግም። የሚጀምረው በ«ሀ» ድምፅ ነው። በሃሌታው «ሀ» ይሁን በሐመሩ «ሐ» ወይስ በብዙኃኑ «ኀ» እሷን ጠይቋት፤ እኔ አንድም ቀን ጽፌው ስለማላውቅ አላውቀውም።