«አብሽር» እያላችሁ ዓይን አታስጠፉ

በውጭ ላላችሁ የወሎ ልጆች ነው የምጽፈው። 22 ዓመት በሰው አገር ስኖር ስንቱ ሲሳሳት አይቻለሁ፤ የከፋውን ስህተት የሠራሁት ግን እኔ ነኝ።

1. የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ቀኑ ሳያልፍ አሳድሱ።

2. ለሠርግና ለተዝካር ከምትልኩት ቀንሳችሁ፣ ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን ብር ታማኝ ሰው ጋ አስቀምጡ። ሐዋላ እስኪደርስ የማይጠብቅ በሽታ አለ።

3. ታላቅ ወንድሜ ከሐይቅ ደወለ። «ግራ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ ሲልብኝ ሰነበተ፤ ዛሬ ከጎን ጥቁር ጨርቅ ወረደብኝ» አለኝ። «አብሽር ጋሼ፣ ሞራ ይሆናል፤ ለአረፋ ስመጣ አሳክምሃለሁ» አልኩት። አረፋ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር!

ሞራ አልነበረም። ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ሬቲናው፣ ተቀዶ እየተላቀቀ ነበር። ሞራ ጊዜ ይሰጣል፤ ይህ አይሰጥም። ደግሞ አያምም፤ ስለዚህ ይናቃል።

አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ዋናው ነገር ማኩላው ነው፤ ፊት የምንለይበት፣ የምናነብበት የሬቲናው መሐል። እሱ ሳይነካ ከተደረሰ እይታው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። እሱም ከተላቀቀ በቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና መደረግ አለበት፤ ሳምንት ባለፈ ቁጥር ተስፋው ይመነምናል። ሲዘገይ ደግሞ ሬቲናው ላይ ጠባሳ ወጥቶ ያጨማድደዋል፤ የተለጠፈው መልሶ የሚላቀቀው በአብዛኛው በዚህ ነው። የቀዳዳው ስፋትና ብዛትም ለውጥ ያመጣል።

ለጋሼ ሬቲናውን ደግፎ እንዲይዝ ዓይኑ ውስጥ ሲሊኮን ዘይት ተሞላለት፤ ሬቲናው ተለጠፈ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል ተባልን። በዚያ ዓይኑ የሚያየው ግን የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ቡና ጀባ ሲሉት እጁ ከሲኒው ጎን ያልፋል፤ ሚስቱ ጣቶቹን ይዛ ታስጨብጠዋለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ያቺ «አብሽር» ጆሮዬ ላይ ትጮሃለች።

ወፍራም መነጽር የሚያደርግ፣ ሞራ የተገፈፈ፣ ዓይኑን የተመታ ዘመድ ካላችሁ ንቁ። ብልጭታ፣ ድንገት የበዛ ዝንብ መሳይ ነጠብጣብ ወይም ጥላ ካለ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የሬቲና ሐኪም በየከተማው የለምና ሪፈር ከተባለ አትደራደሩ። በዘይቱ ፈንታ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ ከተሞላ ለኮምቦልቻ የአውሮፕላን ትኬት እንዳትቆርጡ፤ ጋዙ ከፍታ ላይ ይለጠጥና ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ ሲኬድ የሚታለፈው ጣርማ በርም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በመኪና ለመመለስም ሐኪሙን አስፈቅዱ።

ዛሬ ማታ ስትደውሉ፣ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው በሌላው እንዲያዩ ንገሯቸው፤ ከዚያ ያንኛውን። ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል።