ቢግ ነው ላርጅ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንግሊዝኛ ስጽፍ ለ"ትልቅ" ሁሌ "ቢግ" ማለት ሰለቸኝ፣ በሱ ፈንታ "ላርጅ" ወይ "ሂዩጅ" ብል ያው ነው አይደል?

መልስ፦ ኧረ ያው አይደለም! ለቤት ለሳጥን ምናምን ቢግም ላርጅም ይሄዳል፣ ታላቅ ወንድምህን ግን "ቢግ ብራዘር" በማለት ፈንታ "ላርጅ ብራዘር" ካልከው ወፍራም ነው ያልክ ነው የሚመስለው (እሱ እንዳይሰማህ ብቻ)። ስህተትና ውሳኔም ከቢግ ጋር ነው የሚሄዱት፣ "ቢግ ሚስቴክ" እንደሚሉት። ላርጅ ደሞ ብዛትና መጠን ሲመጣ ነው ቦታው፣ "ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ ፒፕል" (ብዙ ሰው) ይባላል፣ የልብስ ሳይዝም ላይ ያው እሱ ነው። ሂዩጅና ኢኖርመስ በራሳቸው "በጣም ትልቅ" ስለሆኑ ፊታቸው "ቬሪ" (በጣም) አትጨምር፣ ማጋነን ካማረህ "አብሶሉትሊ ሂዩጅ" በል። "ግሬት"ማ በወሬ ላይ ከትልቅነቱ ይልቅ "አሪፍ" ሆኗል።