“የአየር ለውጥ ነው” ማለት እስከ መቼ ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ለሥራ ወደ አንድ ሞቃትና እርጥበታማ አገር ከመጣሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የፈላ ድስት ክዳኑ የተነሣ ነው የመሰለኝ፤ መነጽሬ ወዲያው በእንፋሎት ተሸፈነ። ከዚያ ወዲህ ላቤ አይደርቅም፣ ከመቀመጫዬ ስነሣ ያዞረኛል። ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቼ አብጠው ጫማዬ አልገባ ብሎኛል። አንገቴና ደረቴ ላይ ደግሞ እንደ መርፌ የሚወጋ ሽፍታ ወጥቶብኛል። የሥራ ባልደረቦቼ “የአየር ለውጥ ነው፣ ይለቅሻል” ይሉኛል። ታምሜ ይሆን? ዕድሜዬ 36 ነው፤ የማውቀው በሽታ የለብኝም።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረቦችዎ ልክ ናቸው። የዘረዘሩት ሁሉ ሰውነትዎ ወበቁን እየተለማመደ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። ቢሆንም “የአየር ለውጥ ነው” የሚለው አነጋገር የማይሠራበት ጊዜ ስላለ እሱንም እነግርዎታለሁ።

ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። አየሩ አስቀድሞ በእርጥበት ከተሞላ ግን ላቡ መትነን ያቅተውና ተንጠባጥቦ ይወርዳል፤ ሙቀቱ እዚያው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። በደረቅ አገር 35 ዲግሪን የቻለ ሰው ወበቅ ባለበት 31 ዲግሪ የሚዝለው ለዚህ ነው። ሰውነት ሙቀቱን ለማስወጣት በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል። ደም ወደ እግር ስለሚያዘነብል ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ድንገት ሲነሡ ደግሞ ወደ ራስ የሚደርሰው ደም ለአፍታ ስለሚያንስ ያዞራል። እብጠቱ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጎድላል። ማታ ማታ እግርዎን በትራስ ከፍ ያድርጉት። ለዚህ ብለው የሚያሸና መድኃኒት እንዳይወስዱ፤ የሚያስፈልግዎትን ውኃና ጨው ያሳጣዎታል።

ሰውነት ወበቅን የሚለምደው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደምዎ ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ የልብ ምትዎም ይረጋጋል። ቀጥሎ ላብዎ ቶሎና በብዛት መውጣት ይጀምራል፤ ጨውነቱ ግን ይቀንሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከንፈርዎ ላይ የደረሰውን ላብ ቢቀምሱት ከዛሬው ያነሰ ጨው ያገኙበታል። ባልደረቦችዎ ወበቁ የማይከብዳቸው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሌት ተቀን ኤር ኮንዲሽነር ሥር የሚውል ሰውነት ይህን አይማርም። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ይተኙ፤ ቀን ግን ጠዋትና አመሻሽ ላይ ወጣ ብለው ይራመዱ፣ ሰዓቱንም ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

ሽፍታው የላብ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ የሚመጣ ነው። ቀዝቃዛ ሻወር ይውሰዱ፣ ቆዳዎን በደንብ ያድርቁ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። ቫዝሊንና ቅባትነት ያለው ክሬም ቀዳዳውን የባሰ ይደፍነዋል። ውኃ ሲጠማዎት ይጠጡ፤ ሽንትዎ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። በግድ ሊትር በሊትር ላይ መጨመር በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም (ከጨው የሚገኘውን ንጥረ ነገር) አሳንሶ ራሱ ሊያሳምም ይችላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ያበጠው አንድ እግር ብቻ ቢሆን፣ በተለይ ባትዎን ቢያምዎት፣ የአየር ለውጥ ነው ብለው አይለፉት። ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጠው ከበረሩ በኋላ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይወጋል። ይህ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። በሙቀት ውስጥ ውሎ ሰውነቱ የጋለ፣ የሚዘባርቅ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካዩም ትኩሳት ማስታገሻ አይሠራለትም። ወደ ጥላ ወስደው በውኃ እያራሱ ያራግቡለት፤ አምቡላንስም ይጥሩ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምልዎት ስለ ትኩሳት ነው። “አየሩ ነው፣ ድካም ነው” እየተባለ ሁለት ሦስት ቀን አልፎ የመጣ የወባ ሕመምተኛ ማከም ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቀዋለሁ። ወባ ያለበት አገር ከሆነ፣ የወባ ትንኝ ከነደፈችዎት በኋላ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ7 ቀን በፊት አይታይም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የሚመጣ ትኩሳት፣ አገርዎ ከተመለሱ ወራት ቢያልፉም እንኳ፣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይፈልጋል። የወባ መከላከያ ከታዘዘልዎት ሲመለሱ ወዲያው አያቁሙት፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከአገሩ ከወጡ በኋላም ለ4 ሳምንት ይወሰዳል። የወባ ትንኝ የምትናደፈው ሌሊት ስለሆነ አጎበር ሥር ይተኙ። የደንጌ ትኩሳትን የምታስተላልፈዋ ትንኝ ግን በቀን ትናደፋለች፤ ቀንም የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ። ደንጌ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ለትኩሳት ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አይውሰዱ፤ ደንጌ ሊያመጣ የሚችለውን መድማት ያባብሳሉና።

የመጀመሪያው ምርመራ “ወባ የለም” ቢልና ትኩሳቱ ግን ካልለቀቀዎት፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲደገምልዎ ይጠይቁ።